መቶኛ ልደቱ የተራዘመበት ፌስቲቫል

የቻምፒዮንስ ሊግ ማታ፣ ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ካሜራው ፊታቸውን አንድ በአንድ ሲያሳይ የሚሰማውን መዝሙር የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ቃላቱ ባይገቡንም ዜማውን አብረን እንጮኸዋለን። ቶኒ ብሪተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያንን መዝሙር ሲያዘጋጅ መነሻ ያደረገው፣ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል በ1727 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ጆርጅ የዘውድ በዓል የደረሰውን «ካህኑ ሳዶቅ» ነው። ንጉሥ ቻርልስ በ2023 ዘውድ ሲጭኑም ይኸው ተዘምሯል። ስለዚህ «እኔ ባሮክ ሙዚቃ አልሰማም» የምትሉ ካላችሁ፣ ስትሰሙ ኖራችኋል።

ባሮክ የሚባለው ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ነው። ሄንደል ጀርመን ውስጥ ሀለ ከተማ ተወልዶ ለንደን የኖረ የዚያ ዘመን ሰው ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን በጀርመኗ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በጎቲንገን በስሙ ስለሚካሄደው ፌስቲቫልና ስለ መቶኛ ዓመቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄንደል 42 ኦፔራዎች ጽፏል። ለንደን በእነሱ ያበደችበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ፋሽኑ አለፈ። እሱ ራሱ በ1741 የመጨረሻውን ኦፔራ አቅርቦ ወደ «መሲሕ» ዓይነቱ ድርሰት ዞረ። ከ1754 በኋላ ደግሞ ከአንድ ሁለት ሙከራ በቀር ኦፔራዎቹን መድረክ ላይ የሚያወጣ ጠፋ። ከ160 ዓመት በላይ! የጀግኖቹ ሚና በብዛት የተጻፈው በልጅነታቸው ተሰልበው ቀጭን ድምፃቸው ለቀረላቸው ወንዶች ነበር፤ ያ ጭካኔ ሲቀር ዘፋኞቹም አብረው ጠፉ።

ዝምታውን የሰበረው ኦስካር ሀገን ነው። ሰውየው የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበር። ጁን 26 ቀን 1920 «ሮዴሊንዳ»ን መድረክ ላይ አወጣ። በኦርኬስትራው ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ነበሩበት፤ ንግሥቲቱን ሆና የዘፈነችው ደግሞ ሚስቱ ቲራ ናት። (ልጃቸው ኡታ ሀገን በኋላ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር ተዋናይት ሆናለች፤ ትወና የምትማሩ መጽሐፎቿን ታውቋቸው ይሆናል።)

ሮዴሊንዳ ባሏ ንጉሥ በርታሪዶ ሞቷል የተባለች፣ ዙፋኑን የነጠቀው ሰው ደግሞ ካላገባሁሽ ብሎ የሚያስጨንቃት ንግሥት ናት። ባሏ ግን አልሞተም። ተሸሽጎ ይመለስና ለራሱ በቆመለት መቃብር ላይ የተጻፈውን ያነባል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ባል ወይ ወንድም ያላት ሴት ስንት እንደነበረች አስቡት።

ሀገን ሥራውን እንዳለ አላቀረበውም። ከጣሊያንኛ ወደ ጀርመንኛ መለሰው፣ ብዙ ቦታ ቆረጠው፣ የቀጭን ድምፅ ሚናዎችን ለወፍራም የወንድ ድምፅ ሰጠ። ዛሬ ቢሆን በሶሻል ሚዲያ ይቀጠቅጡት ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በፌስቲቫሉ ኦርኬስትራ ውስጥ የቫዮሊኖቹ አውታር እንደ እኛ በገና ከአንጀት የተሠራ ነው፤ የበርታሪዶን ሚናም ካውንተርቴነር የሚባሉ፣ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍኑ ወንዶች ይጫወቱታል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን የሀገን ወገን ነኝ። ጠንቃቆቹ የመጡት እሱ በሩን ከከፈተው በኋላ ነው። ሁሉ ነገር እስኪሟላ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ ምናልባት የሚታረም ነገር ራሱ አይኖርም ነበር።

ወደ መቶኛው ዓመት እንምጣ። ለ2020 የታሰበው 42ቱንም ኦፔራዎች በአንድ ፌስቲቫል ማሰማት ነበር። ኮሮና መጣ። መዝፈን ራሱ አደገኛ የሆነበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ዘፈን ትንፋሽ ነዋ። ፌስቲቫሉ ተሰረዘ። ብዙዎቹ የባሮክ ሙዚቀኞች ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነው። ኮንሰርቱ ሲሰረዝ የቤት ኪራዩ አብሮ አይሰረዝም። ስለ «የባህል ዘርፉ ጉዳት» ብዙ ሲባል ሰምተናል፤ ለእኔ ጉዳቱ ማለት ይህ ነው።

በዓሉ የተከበረው በሴፕቴምበር 2021፣ በ101ኛው ዓመት ነው። ሎረንስ ከሚንግስ ኦርኬስትራውን እየመራ «ሮዴሊንዳ» እንደገና ቀረበች። እሱም ኃላፊነቱን ለግሪካዊው ለጆርጅ ፔትሩ አስረክቦ ሄደ።

መስማት ለምትፈልጉ፣ ከ«ሮዴሊንዳ» ውስጥ «ኢዮ ታብራቾ» የሚባለውን ዱየት ፈልጉ። የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ነው። ባልና ሚስቱ ገና ከመገናኘታቸው ሊለያዩ ነው፤ ሁለቱ ድምፆች አንዱ አንዱን እየተከተለ ይሄዳል፣ ለመላቀቅ የማይፈልጉ ይመስላል። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል፤ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ወፍራሞቹን አውታሮች ይበላቸዋል።