ውሃው ጭሱን አያጣራም

ሺሻ የሚያጨሱ ወጣቶችን ስለ ጉዳቱ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «ጭሱ በውሃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል» ይሏችኋል። ውሃው ግን በዋናነት ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮ ስለማይቆጠቁጥ በረጅሙ ይሳባል፤ ወደ ሳንባም ጠልቆ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው፣ አንድ ሰው አንዴ ተቀምጦ ሺሻ ሲያጨስ የሚስበው የጭስ መጠን 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ ከሚያወጣው ጭስ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከሰሉ ነው። ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት እንደሚገድል እናቶቻችን ሲያስጠነቅቁን አድገናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የሺሻው ፍም የሚያወጣውም ይህንኑ ጋዝ ነው፤ ትምባሆው ላይ የሚጨመረው የፍራፍሬ ጣዕም አደጋውን ያስረሳል እንጂ ጋዙን አያጠፋውም።

ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ ከሰል የለውም። በባትሪ የሚሞቀው ፈሳሽ ግን ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን አለው፤ ሲግል ደግሞ እንደ ፎርማልዲሃይድ ያሉ መርዞች ሊፈጠሩ ይችላሉ። ኒኮቲን እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን ያልጨረሰውን የወጣት አእምሮ በቀላሉ ሱስ ያስይዘዋል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሺሻንም የቬፕንም ንግድ ከልክሏል። ይሁን እንጂ የጭስ ደመና የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየወጣቱ ስልክ ይገባሉ። ታዲያ ትምህርቱስ ለምን በዚያው መንገድ አይገባም?

በስልክ የሚላክ ምክር እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ «ዲስ ኢዝ ኩዊቲንግ» የተባለ፣ ቬፕ ለማቆም የሚረዳ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉ 2,588 ወጣቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከሰባት ወር በኋላ አገልግሎቱን ካገኙት 24.1 በመቶው አቁመው ተገኝተዋል፤ ካላገኙት ደግሞ 18.6 በመቶው። ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ በተደረገው ጥናት ልዩነቱ ሰፋ፤ 37.8 ለ28 በመቶ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ርካሽ በሆነ መልእክት የተገኘ ነው። ወጣቱ ማቆሚያ ቀኑን ራሱ ይቆርጣል፤ አምሮቱ ሲነሳበት አንዲት ቃል ልኮ ወዲያው ምክር ያገኛል።

ለእኛ ወጣቶች በአማርኛ የስልክ መተግበሪያ ቢሠራ ግን ይህን አገልግሎት እንዳለ መገልበጥ አይበቃውም። ሺሻ ብዙውን ጊዜ ለብቻ አይጨስም፤ ከጓደኛና ከጫት ጋር ነው። ስለዚህ «ዛሬ እንገናኝ» የሚለው ጥሪ ሲመጣ ምን ብሎ መመለስ እንደሚቻል ማስተማር አለበት። ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ደግሞ በተራ የጽሑፍ መልእክት መድረስ ይኖርበታል። አንድ መልእክት ግን ማንም ሳይጠይቅ ለሁሉም ይላክ፦ ሺሻ ሲጨስ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከጀመረ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፤ ራሱን የሳተ ካለ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ።