የብዙ እጅ ሥራ በአንድ ምስል፦ የሰሜን ሸዋ ብራናዎች ከማይክሮፊልም ወደ ዲጂታል

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኝ የብራና መጽሐፍ ደራሲው አንድ ቢሆንም ሠሪው አንድ አይደለም። ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ያለሰልሳል፤ ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጥቁሩን ይጽፋል፣ ቅዱሳት ስሞችንና አርእስትን በቀይ ይለያል፤ ሰዓሊው በተተወለት ባዶ ስፍራ ይሥላል፤ ደጓሹም ሽፋኑን በቆዳ ይለብጣል። እርግጥ አንድ ሰው ሁለት ሦስቱን ሙያ ሊይዝ ይችላል። ሥራው ግን ሲደጎስ አያበቃም። በኅዳግና በባዶ ቅጠል ላይ የርስት ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝርና የስጦታ ቃል ይጻፋል፤ ተከታዩ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰዓሊ ሥዕል ይጨምራል። ከሸዋ ወጣ ብሎ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ግልጽ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ከወንጌሉ ሌላ የገዳሙን የመጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዟል።

የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር የመንዝን ጨምሮ የብዙ ሸዋ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በካሜራ ፊት ቀረቡ። ወደ 9000 የሚጠጉት ቅጂዎች በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ዛሬ ብዙዎቹ በዲጂታል ይነበባሉ። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀዩ ቀለም ወደ ፈዛዛ ግራጫ ስለተለወጠ በኋላ የገባ ስምና የመጀመሪያው ጸሐፊ ቀይ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። የተፋቀ ስፍራ ሻካራነትና የተሰፋ ቅጠል ውፍረት ደግሞ ከእነጭራሹ አይታዩም። ሥዕሉን ለሚያጠና ሰው ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

ጉድለቱን በከፊል የሞላው ካሜራ ሳይሆን ካታሎግ ነው። ዊሊያም ማኮምበርና የሸንኮራው ተወላጅ ጌታቸው ኃይሌ ባዘጋጁት ካታሎግ ከዋናው ድርሰት ሌላ የባለቤት ስሞች፣ ሥዕሎችና ተጨማሪ ማስታወሻዎች ከየቅጠላቸው ቁጥር ጋር ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የቤተ መጻሕፍት መርሐ ግብር ይህንኑ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ አሻግሮታል፦ በአንድ ኮዴክስ ውስጥ እያንዳንዱ የጸሐፊ እጅና እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱ መለያ ስለሚሰጠው ለብቻው ሊፈለግና ከሌላ መጽሐፍ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ለብዙ እጅ ሥራ የሚስማማው ዲጂታል ቅርጽም ይኸው ነው፤ ጥራት ያለው ፎቶ ብቻውን ገጹን እንጂ የገጹን ታሪክ አያሳይም።

አንድ ችግር ግን አልተፈታም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ከተቀረጸ በኋላም ሥራ ላይ ነው፤ ይነበባል፣ ይጠገናል፣ ይጻፍበታል። ምስሉ የቆመው ፊልሙ በተነሣበት ዕለት ነው። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነት ያገኘ ተመራማሪ ምስሉን «ትክክለኛው»፣ ብራናውን «የተበላሸው» አድርጎ ለመቁጠር ይፈተናል። ብራናው ግን የሠሪዎቹን ልማድ እየቀጠለ ነው። በቀለም ዳግመኛ ፎቶ ሲነሣም የቆየው ማይክሮፊልም መተካት የለበትም፤ አዲሱ ምስል የተነሣበት ቀን ተጽፎበት ከቀድሞው ጎን መቀመጥ፣ አንድ ቅጂም መጽሐፉን ለሚጠብቀው ደብር መመለስ ይኖርበታል።