ነፋስ ፈርተን መስኮት ስንዘጋ

ማለዳ ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ የሚወርድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹን በአንድ ጉዞ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ያሻግራቸዋል። ጎንደር ከተማ ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የመተማ ሜዳ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ የሚያልፍበትም ቀን አለ። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል። ወደ ሽንፋ ለሚቀጥለው መንገደኛ ደግሞ በሙቀቱ ላይ አቧራው ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመኪናው መስኮቶች ብዙውን ጊዜ ዝግ ናቸው። አንዱ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕፃን ያቀፈች እናት ምች ትፈራለች፤ አዛውንቱ ብርድ ይፈራሉ፤ ሊከፍት የነበረውም በይሉኝታ እጁን ይሰበስባል። ለጤና ሲታሰብ ግን በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ከነፋሱ ይልቅ የሚጎዳን መታፈኑ ነው።

ነፋስ በሽታ ያመጣል?

ብርድ ያለው ነፋስ ምቾት ይነሳል፤ ዓይን ያደርቃል፤ አንገትና ትከሻን ሊያሳምም ይችላል። አስም ያለበትን ሰውም ሊቀሰቅስበት ይችላል። ነገር ግን ጉንፋንንም ሆነ የሳንባ ምችን የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህ ተሕዋስያን በብዛት የሚገኙት ደግሞ ሰው በተፋፈገበትና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ነው።

የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 10 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ዙሪያ በቲቢ ታመዋል፤ 1 ነጥብ 25 ሚሊዮን ሰዎችም ሞተዋል። ኢትዮጵያ የበሽታው ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሕመምተኛው ሲያስል ወይም ሲናገር የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች በታፈነ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። መስኮት ሲከፈት ግን በአየሩ ይበተናሉ። በቲቢ ለመያዝ የአጭር ጊዜ ቅርበት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የረጅም ሰዓት ጉዞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲሆን ግን ሥጋቱ ይጨምራል።

ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ ተምረነው ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ሲገባ የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ ተሳፋሪ እንዲጓዝና ታሪፉ በእጥፍ እንዲጨምር ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ መስኮት መክፈት ሰውን የሚያጣላ አልነበረም። ወረርሽኙ ጋብ ሲል መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ።

ሙቀቱ የሚያደርሰው ጉዳት

ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ላቡ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ነፋስ በሌለበትና በሰው ትንፋሽ በረጠበ አየር ውስጥ ግን ላቡ ይወርዳል እንጂ አይተንም። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ደግሞ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከውጪው በ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መኪናው እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ከጉዞው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ወንበር ከያዙ በኋላ ወርዶ ጥላ ሥር መቆየት ይሻላል። ሕፃንን ደግሞ «ተኝቷልና አልቀስቅሰው» ብሎ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም።

ራስ ምታት፣ መድከም፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ የሙቀት ጉዳት መጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ማረፍ፣ ልብስ ማላላትና ውሃ መጠጣት ይበቃል። ሰውየው ከቀባዠረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ለሕይወቱ አስጊ ነው። መኪናው ወዲያውኑ ይቁም። ሕመምተኛውን ጥላ ሥር አስተኝተው ልብሱን ያላሉ፤ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡለት፤ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋምም ያድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ መስጠት አይገባም፤ ሊያንቀው ይችላል።

መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለማይገኝ ውሃ ሳይጠጡ የሚጓዙ ብዙዎች ናቸው፤ በተለይም ሴቶች። ይህ በቆላ ጉዞ አደገኛ ልማድ ነው። ውሃን በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ ጥቂት ጥቂት እያሉ መጎንጨት ይመከራል። የሽንት ቀለም ከጠቆረ ውሃ እንዳነሰን ምልክት ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ለያዘው ሰው አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን በጥብጦ መስጠት ይጠቅማል። ሾፌሮችና ረዳቶችም መጸዳጃ ባለበት ቦታ የዕረፍት ጊዜ ቢሰጡ ለተሳፋሪው ጤና ትልቅ ውለታ ነው።

ትርፍ ሰውና ጀሪካን

የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማና ቋራ እርሻዎች የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ብዙ ነው። መኪና ስለማይበቃ መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሮ ይጫናል፤ በአይሱዙ ላይ ቆሞ የሚጓዝም አለ። የሰዉ ቁጥር ሲጨምር አየሩ ይታፈናል፤ መስኮት መክፈት ብቻውንም አይበቃም። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ዱካ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚይዘው ቀበቶ የለም፤ በሰውና በሻንጣ የተዘጋው መተላለፊያም መውጫ ያሳጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ቀበቶ ባለበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢያስር የመሞት ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሳል።

ነዳጅ በጀሪካን ይዞ መሳፈርም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ትነቱ ራስ ያሳምማል፤ ያቅለሸልሻል፤ አንድ ክብሪት ደግሞ ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል። ሽታው የሸተተው ተሳፋሪ ለሾፌሩ ቢናገር ራሱንም ሌላውንም ያድናል።

ለሚያስመልሳቸው

ጠመዝማዛው ቁልቁለት ብዙዎችን ያስመልሳቸዋል። ይህ የሚሆነው ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይን የሚያየው ሲለያዩ ነው። ከፊት ወንበር ይቀመጡ፤ ሩቅ ወደ ፊት ይመልከቱ፤ ስልክ ላይ አያቀርቅሩ። ከመሳፈርዎ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አይመገቡ፤ በባዶ ሆድም አይጓዙ። ሎሚ ማሽተት ለአንዳንዶች እፎይታ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን ንጹሕ አየር ይረዳል። የማስመለሻ ፌስታል መያዝ አይርሱ።

«ነፋስ መታኝ» ብለው እንዳይዘናጉ

ነፋስን መውቀስ የሚያስከትለው ትልቁ ጉዳት ከጉዞ በኋላ የሚመጣው ነው። ከቆላ የተመለሰ ሠራተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው «አውቶቡስ ውስጥ ነፋስ መታኝ» ብሎ ይተኛል። ይሁን እንጂ የወባ ምልክት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ከደጋ የሚሄድ ሰው ለወባ የዳበረ የመቋቋም አቅም ስለሌለው በፍጥነት ሊጠናበት ይችላል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰውነት ከከሳና ሆድ ከተነፋ ደግሞ ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ መተማንና ሁመራን ጨምሮ በሰሜን ምዕራብ ቆላ የተለመደ ነው። ምልክቱ ከወራት በኋላም ሊታይ ይችላል። ካልታከሙት ይገድላል፤ ቶሎ ከደረሱበት ግን ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ይገኛል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰውም የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

መስኮቱን እንዴት እንስማማበት?

ሁሉንም መስኮት መክፈት ግድ አይደለም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ በተቃራኒው ጎን አንድ በጥቂቱ ቢከፈት አየሩ ይዘዋወራል። ብርድ የሚፈራ ሰው መሐል ይቀመጥ፤ ነጠላ ይደርብ። ሕፃኑ እንዳይበርደው ይሸፈን፤ ፊቱ ግን አይታፈን። አቧራ ሲመጣ ለጊዜው ዘግቶ፣ ሲያልፍ መልሶ መክፈት ነው፤ አፍና አፍንጫንም በማስክ ወይም በነጠላ መሸፈን ይቻላል። የሚያስል ሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አፉን ይሸፍን። እጅና ራስን ግን ወደ ውጪ ማውጣት አይገባም።

ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይተፋፈራልና ይህን ለማለት የሚቀለው ለረዳቱ ነው። ሒሳብ ከመሰብሰቡ በፊት «ሁለት መስኮት ክፍት ይሁን» ቢል ክርክሩ ያበቃል፤ የታመመው ሰውም አየር ለመለመን አይቸገርም።