በሐር ጨርቅ ላይ የሚሠራ የባቲክ ሥዕል፤ የወልድያ አካባቢ መልክዓ ምድር እንደ ምሳሌ

ባቲክ የቀለጠ ሰም ቀለም እንዳይገባ የሚከላከል በመሆኑ፣ በዚሁ ጠባዩ በመጠቀም በጨርቅ ላይ ሥዕል የሚሠራበት ዘዴ ነው። ሰም የተቀባው ክፍል የቀድሞ መልኩን ይዞ ሲቀር፣ ያልተቀባው የተነከረበትን ቀለም ይጠጣል። ጥበቡ በተለይ በጃቫ ደሴት የዳበረ ሲሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንዶኔዥያን ባቲክ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ሰሙ ከንብ አናቢዎች ይገኛል። የጉሎ ቅጠል እየበላ በሚያድገው የሐር ትል ላይ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ጥናት ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ሳባሃርም ሐርን በእጅ በማስፈተልና በማሸመን ይታወቃል።

ባቲክ ከሌላው ሥዕል የሚለይበት ዋና ነጥብ እርማትን የማይቀበል መሆኑ ነው። በሸራ ላይ የሚሥል ሰው ስሕተቱን በሌላ ቀለም ይሸፍናል። የባቲክ ማቅለሚያ ግን በፊተኛው ላይ ይደረባል እንጂ አይሸፍነውም፤ በረኪናም ሐርን ስለሚበላ ለማንጣት አያገለግልም። ስለዚህ ሥራው ምንጊዜም ከብሩህ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሠዓሊው አስቀድሞ የሚወስነው ብርሃን የሚቀርበትን ቦታ ነው።

ለምሳሌ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ሲሪንቃ አጠገብ ቆመን፣ ፀሐይ ከምዕራብ ተራሮች ጀርባ ስትጠልቅ እንመልከት። ሰማዩ ብሩህ፣ ሩቁ ተራራ ፈዛዛ፣ ቅርቡ ጥቁር፣ ከፊት ያለው የማሽላ ማሳ ከሁሉም የጠቆረ ነው። ይህም ቅደም ተከተል ለባቲክ እጅግ ይስማማል።

በመጀመሪያ ሐሩ በሳሙና ታጥቦ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል። ፀሐይዋ በሰም ተሸፍና ጨርቁ በቢጫ ይነከራል። ሲደርቅ ሰማዩ በሰም ይሸፈናል፤ በቀይ ሲነከር ሩቁ ተራራ ብርቱካናማ ይሆናል። እርሱም በተራው ተሸፍኖ ቡናማው ለመካከለኛው ተራራ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሰማያዊው ለቅርቡ ተራራና ለማሳው ይውላል። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ማቅለሚያው በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራ መሆን አለበት። ሥራው ሲያበቃ ጨርቁ በወረቀቶች መካከል ተደርጎ ለብ ባለ ካውያ ሲተኮስ ወረቀቱ ሰሙን ይመጠዋል።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ሊጣድ አይገባም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለሥራው በቂ ነው። ሰሙ በእሳት ቢያያዝ ዕቃውን መክደን እንጂ ውሃ መጨመር አደገኛ ነው።

ሐር ውድ ስለሆነ ተማሪዎች በአቡጀዲ ቢጀምሩ ይመረጣል። ከዚያም በፊት መምህሩ ወደ ሜዳ አውጥቶ፣ ከሚያዩት ሁሉ የትኛው ይበልጥ ብሩህ፣ የትኛው ይበልጥ ጥቁር እንደሆነ በተራ ያስጽፋቸው። ይህን ያልለየ ተማሪ ብሩሹን ሰም ውስጥ ለመንከር ገና አልተዘጋጀም።