የእርከን ዋጋ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ኮሶዬ ይደርሳሉ። መንገደኛው ከመኪና የሚወርደው ገደሉንና ጭላዳውን ለማየት ነው። እኔ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ፊትን ወደ ማሳው ሲያዞሩ የሚታየውን፣ በወገራ ተዳፋት ላይ በገብስና በባቄላ መሀል የተጋደመውን እርከን ነው።

እርከን የሚጀምረው በገመድ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለት እንጨት ይዘው ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው በተወጠረው ገመድ ላይ የውሃ ልክ ይንጠለጠላል፤ አረፋዋ መሀል ላይ ስትቆም ችካል ይተከላል። መስመሩ ከተዛነፈ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ተጠራቅሞ ይጥሰዋል፤ የጣሰው ጎርፍም በታች ያሉትን እርከኖች ይዞ ይሄዳል። ሥራው ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች የሚወርደው ለዚህ ነው። ድንጋይ ካለ ይካባል፤ ከሌለ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ከቦዩ በታች ይከመራል። ከኬንያ በመጣው ፋንያ ጁ በሚባለው ዓይነት ደግሞ አፈሩ ወደ ላይ ይጣላል፤ ከዓመት ዓመት ከላይ የሚወርደው አፈር እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ደረጃ ይሠራል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ መስመሩ ትንሽ ዘንበል ይልና ትርፉ ውሃ ሣር በለበሰ ማፋሰሻ ይወጣል። ይህ ከተዘለለ ውሃ የተኛበት ገብስ ቢጫ ይሆናል።

የአፈር መታጠብ የሚያደርሰውን ጉዳት መጠን በቁጥር ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀመረ። የመሩት ቀደም ሲል በሰሜን ተራሮች ፓርክ ያገለገሉት ሃንስ ሁርኒ ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይታጠባል ብለው ገመቱ። ተፈጥሮ በዓመት መልሳ የምትሠራው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ የእርከን ሥራውን ወጪ ማን ይሸፍናል? በደርግ ዘመን የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነበር፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይታደል ነበር። ገበሬው ሳይጠየቅ ከላይ በትእዛዝ የተሠራ በመሆኑ መንግሥት ሲለወጥ ብዙ እርከን ፈረሰ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሴፍቲኔት መጣ፤ ጉልበት ያለው ተረጂ በሕዝባዊ ሥራ ተሰማርቶ እህል ወይም ብር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የዓለም ባንክና ጀርመን የደገፉት የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም ተከተለ። ትልቁ መዋጮ ግን በየትኛውም የበጀት መዝገብ በብር አይታይም፦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ገበሬው በዘመቻ ወጥቶ ያለ ክፍያ የሚያፈሰው ጉልበት ነው።

ገበሬው የሚከፍለው በዚህ አያበቃም። እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ይወስድበታል፤ በሬ ማዞሪያ ያሳጣዋል፤ በድንጋዩ ካብ ውስጥ አይጥ ይራባል። ጉዳቱ የሚመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ጥቅሙ ግን አፈሩ እስኪጠራቀም ዓመታት ይወስዳል። እርከን ያፈረሰን ሰው «አልገባውም» ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሂሳቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የዘመቻው ሪፖርት የሚደምቀው በአዲስ እርከን ኪሎ ሜትር ነው። ክረምት የናደውን ካብ መጠገን፣ በእርከኑ ጠርዝ ሣርና ትሪ ሉሰርን ተክሎ ለከብት መኖ ማድረስ፣ ከብት እንዳይገባበት ጠባቂ መክፈል ግን ቁጥር ስለማይሆን ይረሳል። አዲስ እየሠሩ አሮጌው እንዲፈርስ መተው ገንዘብም ጉልበትም ማባከን ነው።

የጎንደር ከተማ ሰውም ከዚህ ውጭ አይደለም። ውሃ የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ ከላይ ካሉት ተዳፋቶች በሚወርድ ደለል እየተሞላ ነው፤ የላይኛው ማሳ ሲጠበቅ የሚጠቀመው እሱም ነው። በጀት የምታጸድቁ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ምክር ቤቶች ሆይ፣ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ለእርከን ጥገና ራሱን የቻለ መደብ ክፈቱለት፤ የከተማው የውሃ ክፍያም ለላይኛው ገበሬ ድርሻ ያውጣ።