ጠርሙሱ ላይ ዓመት ከተጻፈ፣ አሳ ያዘጋጁ

እስቲ የሳሎንዎን ቡፌ ይክፈቱ። ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞት የመጣ አንድ የሻምፓኝ ጠርሙስ ቆሞ ይሆናል። «ለትልቅ ቀን» ተብሎ የተቀመጠ፤ ልጅ ሲመረቅ ይከፈታል፣ ሽማግሌ ሲመጣ ይከፈታል ሲባል ዓመታት ያለፉበት። አሁን ያውጡትና ወረቀቱን ያንብቡት። ባለ አራት አኃዝ ዓመት ካገኙበት፣ የያዙት ከተለመደው ሻምፓኝ የተለየ ነገር ነውና እባክዎ ከኬክ ጋር አያባክኑት።

ሻምፓኝ በሕግ ሻምፓኝ የሚባለው ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በራንስና በኤፐርኔ ከተሞች አካባቢ ከሚበቅል ወይን ሲሠራ ብቻ ነው። አብዛኛው ጠርሙስ ዓመት አይጻፍበትም። አምራቾቹ የተለያዩ ዓመታትን ወይን እየቀላቀሉ፣ ደንበኛው አምና የወደደውን ጣዕም ዘንድሮም እንዲያገኘው ያደርጋሉ። አዝመራው ያማረ ዓመት ሲመጣ ግን የዚያን ዓመት ወይን ብቻ ለይተው ይሞሉና ዓመቱን ይጽፉበታል። ዓመት የሌለው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 15 ወር፣ ዓመት ያለው ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። ስመ ጥሮቹ ቤቶች ከዚያም በላይ ያቆዩታል። ዶም ፔሪኞን እንዲያውም ዓመት የሌለው ጨርሶ አያወጣም፤ የመጀመሪያው የ1921 አዝመራ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ጠርሙሱ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ጠጅ ወይም ጠላ በቤትዎ ተጥሎ የሚያውቅ ከሆነ ይገባዎታል። ሥራውን የጨረሰ እርሾ ከታች ይዘቅጣል፤ የእነርሱም አምቡላ ይኸው ነው። እኛ አምቡላውን አጥልለን ስናስወግድ፣ እነርሱ ወይኑን ከእርሾው ጋር ያስተኙታል። የሞተው እርሾ ቀስ በቀስ እየፈረሰ የተጋገረ ዳቦ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ትንሽም የሾርባ የሚመስል ጣዕም ይሰጠዋል። ከአሳ ጋር የሚያስማማው ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። በ2020 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከእርሾ ጋር የቆየ ሻምፓኝ ውስጥ ያለው ግሉታሜት ኦይስተር ውስጥ ካሉ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲገናኝ፣ ጃፓኖች «ኡማሚ» የሚሉትን አፍ የሚሞላ ጣዕም ያጎላዋል። ኮምጣጤነቱ ደግሞ ሎሚ የሚሠራውን ይሠራል፤ አረፋውም ቅቤውን ከምላስ ያጥባል።

ቀይ ወይን ለምን አይሆንም? በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ስካሎፕ ከተባለ የባሕር ምግብ ጋር ብዙ ወይኖች አስቀምሰው፣ አፍ ውስጥ የሚቀረውን የአሳ ሽታ የሚያባብሰው ወይኑ ውስጥ ያለ ብረት መሆኑን ደርሰውበታል። ብረት ብዙ ጊዜ በቀይ ወይን ውስጥ ይበዛል። «አሳና ቀይ ወይን አይስማማኝም» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላንሣ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። በልጅ የትውልድ ዓመት የተሞላ ጠርሙስ መስጠት ደስ የሚል ልማድ ነው። ዓመቱ ግን የፈረንጆቹ ነው! ሰኔ 2000 ዓ.ም. ለተወለደች ልጅ የሚፈለገው 2008 የሚለው ነው። ወይኑ የተለቀመው ልጅቱ የሦስት ወር ሕፃን ሳለች፣ እኛ አዲስ ዓመት ባከበርን ሰሞን ነው ማለት ነው። የ2008 አዝመራ ኮምጣጤነቱ ጠንካራ ስለሆነ ለረጅም ዕድሜ የሚመሰገን ነው፤ ልጅቱ ዕድለኛ ናት። በዚያው በእኛ 2000 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለተወለደው ወንድ ልጅ ግን ጠርሙሱ 2007 መሆን አለበት።

ወደ ማዕዱ እንሂድ። ገና ወጣት የሆነው፣ ማለት አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ስልና ትኩስ ነው። በተለይ ከነጭ ወይን ብቻ የተሠራው፣ ወረቀቱ ላይ «ብላን ደ ብላን» የሚለው፣ ከጥሬ ኦይስተር ወይም ተቀቅሎ ሎሚ ከተጨመቀበት ሽሪምፕ ጋር ይስማማል። ዕድሜው ሲገፋ ቀለሙ ወርቃማ ይሆናል፣ አረፋው ይለዝባል፣ የማርና የእንጉዳይ ጠረን ያመጣል። ያን ጊዜ ከበድ ያለ ምግብ ይጠይቃል፤ በቅቤ የተሠራ ሎብስተር ወይም ክሬም ያለው የአሳ ስጎ። ያረጀውን በጥሬ ኦይስተር ማቅረብ አዛውንትን ሩጫ ውድድር ማስገባት ነው።

ኦይስተርና ሸርጣን በሃይማኖቴ አይፈቀድም የሚሉ ብዙ ናችሁ፤ ገበያ ላይ የማታገኟቸውም እንዲሁ። ችግር የለም። የጫሞ ናይል ፐርች ወይም የጣና ቆሮሶ ይበቃል። አጥንቱ የወጣለትን ሥጋ ጨው ነስንሰው፣ በስሱ ዱቄት አልብሰው፣ ለጋ ቅቤ በጋለበት መጥበሻ ሁለቱንም ፊት እስኪወረዛ ይጥበሱት። ቅቤው ለውዝ ለውዝ ሲሸት ሎሚ ጭምቅ ያድርጉበት። በቃ። የተነጠረና የተቀመመ ቅቤ አይጠቀሙ፤ ኮረሪማው ወይኑን ይሸፍነዋል። አዋሳ አሞራ ገደል የሚጠበሰው ዓይነት ሙሉ አሳም ግሩም ነው፣ ዳጣው ለብቻው እስከቀረበ ድረስ።

ዳጣ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፦ እዚህ ላይ እጨክናለሁ። አረፋና አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሳሉ፤ ደረቁ ሻምፓኝም መራራ ይመስላል። አሳ ጉላሽ ወይም የአሳ ዱለት ካማረዎት ያንን ውድ ጠርሙስ ይተዉትና ጣፈጥ ያለውን፣ «ደሚ ሴክ» የሚባለውን፣ ያቅርቡ፤ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር አለው። «ብሩት» የሚለው ከ12 ግራም በታች ነው። «ኤክስትራ ድራይ» የሚለው ቃል ግን እንዳያታልልዎ፤ ስሙ በጣም ደረቅ ቢልም ከብሩት ይጣፍጣል።

ሻምፓኝ ኪስ ካልፈቀደ የስፔኑ ካቫ፣ የፈረንሳይ ክሬማንና የደቡብ አፍሪካው ካፕ ክላሲክ በዚያው ዘዴ፣ ማለትም ጠርሙሱ ውስጥ በመፍላት፣ የሚሠሩ ናቸው። ዓመት የተጻፈባቸውም ይገኛሉ። ፕሮሴኮ አብዛኛው በትልቅ ጋን ውስጥ ስለሚፈላ ያ የእርሾ ጣዕም የለውም፤ ለምርቃት ጫጫታ ግን ይሆናል።

እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። እህቴ ከፓሪስ ያመጣችልኝን ባለ ዓመት ጠርሙስ ፍሪጅ አናት ላይ አራት ዓመት አስቀመጥኩት። ከታች ሞተሩ እያሞቀ፣ ከጎን የመስኮት ፀሐይ እየመታው። ልጃችን በተመረቀች ዕለት ቤተ ሰቡን አስቁሜ ስከፍተው አረፋው ደክሟል፤ የበሰበሰ ፖም ይሸታል። እህቴ በቪዲዮ እያየች ስለነበር ሁላችንም «ግሩም ነው!» አልን። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ስለዚህ የእርስዎን ዛሬውኑ ከቡፌው አውጥተው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። የሚከፍቱበት ቀን ሲደርስ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ የከፈሉበት ጣዕም ይደበቃል። በቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ፈንታ ሆዱ ሰፋ ያለውን የነጭ ወይን ብርጭቆ ያቅርቡ። እንደ ሠርግ ማስፈንጠር የለም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ጠርሙሱን ዘንበል ያድርጉ፣ ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቀው ይያዙ፣ በሌላው ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ያዙሩት። ድምፁ እፎይታ የምታክል ብትሆን ነው። አሳው ያን ጊዜ ከመጥበሻው ቢወጣ ይመረጣል።