ከኡም ራኩባ ወደ ውጭ፣ ለሙያ ትምህርት
የስደተኞችን የትምህርት ጉዳይ ስለማማክር ከሱዳን ገዳሪፍ፣ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ይህ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፦ «ልብስ ስፌት እችላለሁ፤ ውጭ አገር የሚያስተምረኝ አገኛለሁ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፦ መንገዱ ጠባብ ነው። የሚታወቁት ዕድሎች ለዲግሪ እንጂ ለሙያ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ የተጀመረው የጣሊያኑ ዩኒኮር የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ለማስተርስ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለው ዳፊ የተባለው የጀርመን የነፃ ትምህርት ዕድል ደግሞ በዋናነት የሚያስተምረው በተጠለላችሁበት አገር ነው። ሱዳን ደግሞ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ላይ ስለሆነች እዚያ መማሩም ከባድ ነው።

ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ? አይደለም። ወደ ሱዳን ለመሸሽ ተከዜን ሲሻገር ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን) መያዝ ያስታወሰ ብዙ ሰው አይመስለኝም። ወረቀቱ ከሌለ ሥራችሁ ይናገር፦ የሰፋችሁትን ሱሪ ገልብጡና የውስጥ ስፌቱን፣ የዚፑን አገባብ ፎቶ አንሱ። መቼ፣ የት፣ በምን ዓይነት የስፌት መኪና እንደሰፋችሁ ጻፉ። ያስተማራችሁ ባለሙያ ስልክ ካላችሁ የምስክርነት ደብዳቤ ጠይቁት።

የስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ ስማችሁ በትክክል መጻፉንም አረጋግጡ። አንዲት ፊደል ብትሳሳት እንኳ ሰነዶቻችሁ ላይ ችግር ልትፈጥር ትችላለች። ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስፈልገውን የጉዞ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት ነው የምትጠይቁት፤ ያለ ጉዞ ሰነድ ቪዛ ማግኘት ከባድ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) አገልግሎት በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ደላላ ነው።